የአካቶ ትምህርት ሥልጠና፦ የአንድ ተሳታፊ ግምገማ

አካል ጉዳተኛ ሕፃናትና ወጣቶች ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ ሲሟገቱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንዲት አንጋፋ መምህርት፣ ለመምህራን የሚሰጡትን የሦስት ቀን ሥልጠና ተከታትያለሁ። የሥልጠናው ትልቁ ጥንካሬ፣ ልጅን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥና በትምህርቱ ማሳተፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በተግባር ማሳየቱ ነው። መስማት የተሳነው ተማሪ ከፊት ቢቀመጥም፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የሚናገር ከሆነ ከንፈሩን ማንበብ አይችልም፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቢኖርም እንኳ ተማሪው አስተርጓሚውንና ሰሌዳውን በአንድ ጊዜ መከታተል ስለማይችል፣ መምህሩ ጽፎ እንደጨረሰ ለአፍታ ዝም ማለት ይገባዋል። ለዓመታት ሳስተምር ይህን አለማሰቤን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የሕግ ክፍሉ አጭር ነው። ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ የሚጠይቀውን እ.ኤ.አ. የ1994ቱን የሳላማንካ መግለጫና በ2006 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በተለይም ትምህርትን የሚመለከተውን አንቀጽ 24፣ ያለ አላስፈላጊ ሐተታ ያስረዳል።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጉዳይ በግማሽ ሰዓት መታለፉ ተገቢ አልነበረም፤ ወጣቶች ከትምህርት ወደ ሥራ ስለሚሸጋገሩበት መንገድም ከመግቢያ ያለፈ ነገር አልተነገረም። የሥልጠናው ጽሑፍ በደቃቅ ፊደል ታትሞ መቅረቡና ዓይነ ስውር የሆነው ባልደረባችን የብሬይል ቅጂውን ያገኘው በሁለተኛው ቀን መሆኑ፣ በሌላ ሥልጠና ቢሆን ይታለፍ ይሆናል፤ በዚህኛው ግን አይታለፍም። አሠልጣኟ ስሕተቱን በሁላችንም ፊት አምነው፣ ባልደረባችን ያመለጠውን ክፍል ከእሱ ጋር ተቀምጠው እንደገና አስተምረዋል።