ፊልሙ ሲያልቅ ሰው የማይበተንበት የቱሉ ዲምቱ አዳራሽ

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአገራችንን ፊልሞች እያሳየ ተመልካቹን የሚያወያይ አነስተኛ አዳራሽ አለ። ለአካባቢው ነዋሪ ፊልም ለማየት ፒያሳ ወይም ቦሌ ድረስ መሄድ ማለት ቀኑን በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨረስ ስለሆነ፣ አገልግሎቱ በቅርብ መገኘቱ ብቻውን ያስመሰግነዋል። እኔን ደጋግሞ የሚወስደኝ ግን ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ፣ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ዞረው የሚጀመረው ውይይት ነው።

ሰሞኑን ከታዩት ሁሉ አጥብቆ ያከራከረን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1996 የጠለፋትን ሰው በመግደሏ የተከሰሰች ታዳጊ እውነተኛ ታሪክን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የዓለም ሲኒማ ድራማ ዘርፍ የተመልካቾች ሽልማትን አግኝቷል። አንዲት ወጣት፣ የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ታሪክ ሰፊውን ቦታ ስለያዘ ሂሩት የተባለችው ልጅ በራሷ ታሪክ ውስጥ ወደ ጎን ተገፍታለች፣ ፍርሃቷን እናያለን እንጂ ምን እንደምታስብ አናውቅም ስትል ጠንከር ያለ ትችት ሰነዘረች። አርሲ ተወልደው ያደጉ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ አንቺ ልብሽ ፍርድ ቤቱ ላይ ነው፤ የእኔ ግን ሽማግሌዎቹ ላይ ቀረ» ብለው፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጉዳዩ የሚመክሩበትን ትዕይንት፣ ተራ አጠባበቃቸውንና የንግግራቸውን ለዛ ሳይቀር እያነሡ አስረዱን። የወጣቷን ትችት በከፊል እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ የፊልሙ ጉልበት ያለው እኚህ አባት ባመለከቱት ቦታ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጠለፋን የአንድ ክፉ ሰው ሥራ አድርጎ ብቻ ሳያቀርብ፣ በወግ የሚናገሩ የተከበሩ ሰዎች ጭምር እንደ ልማድ ተቀብለውት የኖሩት ነገር መሆኑን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ይህን ያህል አላሟገተም። እርጋታው የሰለቻቸው ነበሩ፤ ምግብ ማብሰል የሚወደው ኤፍሬም ከአጎቱ የሚደርስበት ተግሣጽ ግን ብዙ እናቶችን ስለ ወንዶች ልጆቻቸው አናግሯል።

ቅሬታዬ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከታየበት ቀን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት የወሰደው ይህ ፊልም፣ የአንበርብርን ትዝታ ከትውልድ መንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ እያመላለሰ ስለሚተርክ አንድ ንግግር ያመለጠው ተመልካች ክሩ ይጠፋበታል። የፕሮጀክተሩ ምስል ከመጋረጃው ስለሚተርፍ ግን የትርጉሙ ጽሑፍ የሚያርፈው ከሥር ባለው አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ባሉት ራሶች መካከል የፊደላቱን አናት ከማየት በቀር የሚያነበው ነገር የለም። የጀርመንኛው ክፍል ለአብዛኞቻችን እንዲሁ አለፈ። ፕሮጀክተሩን ጥቂት ወደ መጋረጃው ማስጠጋት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ለአስተናጋጁ ብንነግረውም «ለሚቀጥለው እናስተካክላለን» ከማለት አላለፈም።

ከዚህም በላይ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ዘግይቶ በመጀመሩ፣ ወጣቶቹ ከግዳጅ ምልመላ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበትን ክፍል አንሥተን ገና መነጋገር ስንጀምር፣ ታክሲ እንዳያመልጠው የሰጋው ሁሉ መውጣት ጀመረ። ያን ዘመን በዕድሜያቸው የሚያውቁ ሰዎች ለመናገር እጃቸውን አውጥተው ሳለ ውይይቱ መቋረጡ በእጅጉ አሳዝኖኛል፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ሌላ ቦታ በቀላሉ አናገኘውም።

የመግቢያው ዋጋ አይከብድም፤ ውይይቱን የሚመራው ወጣትም ያልተናገረ ሰው እያለ ለተናገረው ዳግመኛ ዕድል ባለመስጠቱ ምስጋና ይገባዋል። አዘጋጆቹ ረጃጅም ፊልሞችን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢጀምሩና «ጤዛ»ን ጽሑፉ በሚነበብበት ሁኔታ ደግመው ቢያሳዩልን ደስ ይለኛል። እስከዚያው ድረስ፣ የትርጉም ጽሑፍ ያለው ፊልም ለማየት የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ደርሶ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ቦታ እንዲይዝ እመክራለሁ።