በርሜል ውስጥ የቆየ ጂንና ከባንኮኒው ጀርባ ያገኘኋት ባለሙያ

ከምኖርበት አገር ለሦስት ሳምንት ወደ አገር ቤት በመጣሁበት ጊዜ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች አብዛኞቹ በሁለት መስመር የሚያልቁ ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ መኪና በሰዓቱ ደርሷል፤ ያረፍኩበት ሆቴል ክፍልም ንጹሕ ነበር፤ ለእጥበት የሰጠሁት ልብስ ግን አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ያለ አንዲት የይቅርታ ቃል ተመልሶልኛል። በዝርዝር ልጽፍበት የሚገባው በሆቴሉ ምድር ቤት ያለው ባር፣ ይልቁንም እዚያ የምትሠራው ዋና ባርቴንደርና በእንጨት በርሜል ውስጥ ለቆየ ጂን ያላት ፍቅር ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ ጂን በቶኒክ አዘዝኩ። «ቅር ካላልዎት ቶኒኩን ሳልጨምርበት በፊት ጂኑን ብቻውን ይቅመሱልኝ» አለችና ሁለት ትናንሽ ብርጭቆዎች አሰለፈች። በአንደኛው እንደ ውኃ የጠራ፣ በሌላው የገለባ ቀለም ያለው ጂን ቀድታ በሁለቱም ላይ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨመረች። የጠራው አፍንጫ ሲደርስ አሁን የተሰበረ የጥድ ቅርንጫፍ ይመስላል፤ የሎሚ ልጣጩም ወዲያው ይከተላል። ገለባማው ግን አገባቡ ለስላሳ ነው፤ ቫኒላና ቅመም መሰል መዓዛ ይቀድምና፣ የጂን መለያ ጣዕም የሚመጣበት የጁኒፐር ፍሬ ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ ራሱን ያስታውቃል። ብዙ ባር ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ያዘዝኩትን ቶሎ ከመሸጥ ይልቅ እንዳወዳድር ያደረገኝ ሰው ግን አላስታውስም። ለቅምሻው ሂሳብ አልተጠየቅኩም።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ጂን የጁኒፐር ፍሬ ጣዕም ጎልቶ የሚወጣበት የተነጠረ መጠጥ ሲሆን፣ ስሙም ጄኔቨር ከሚለው የደች ቃል የመጣ ነው። የአልኮል መጠኑ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቢያንስ 37.5፣ በአሜሪካ ደግሞ 40 በመቶ መሆን አለበት። እንደ ውስኪ በርሜል ውስጥ የመቆየት ግዴታ የለበትም። ባርቴንደሯ አጥብቃ የምትከራከረው ግን በርሜሉ የቅርብ ጊዜ ፋሽን አይደለም ብላ ነው። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1861 የወጣው ሕግ ነጋዴዎች በነጠላ ጠርሙስ እንዲሸጡ እስኪፈቅድ ድረስ፣ ጂን ከማንጠሪያው ወደ መሸጫው የሚጓዘው በበርሜል ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ጠጪ ሳያውቀው እንጨት የነካው ጂን ይጠጣ ነበር። አዲሱ ነገር ሆን ብሎ ማቆየቱ ነው፤ ሲታዴል የተባለው የፈረንሳይ ጂን ይህን ዓይነቱን ምርት እ.ኤ.አ. በ2008፣ የለንደኑ ቢፊተር ደግሞ ሊሌ የተባለው ከወይን የሚሠራ የፈረንሳይ መጠጥ ይቀመጥበት በነበረ የኦክ በርሜል ያሳረፈውን እ.ኤ.አ. በ2013 አቅርበዋል። የአሜሪካ ደንብ በጂን ጠርሙስ ላይ ዕድሜ መጻፍን ለረጅም ጊዜ ስለከለከለ፣ እዚያ ያሉ አምራቾች «በበርሜል ያረፈ» ወደሚል አገላለጽ መሄዳቸውንም የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

በርሜሉ የሚሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ ለስሕተት የተመቸ ነው። የኦክ እንጨት በእሳት ሲጠበስ ከውስጡ የቫኒላ መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን ይወጣል፤ ስኳር መሰሉ የእንጨቱ ክፍል ካራሜል ይሆናል፤ ታኒን የተባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ደግሞ ምላስ ያደርቃል። ትንሽ በርሜል ከሚይዘው መጠጥ አንጻር ሰፊ የእንጨት ገጽ ስላለው፣ ትልቁ በወራት የሚሠራውን በሳምንታት ይጨርሳል። የመጀመሪያ በርሜሏን ያበላሸችውም በዚሁ ነው። አምስት ሊትር የሚይዝ አዲስ በርሜል በጂን ሞልታ በየሦስት ቀኑ ስትቀምስ ቆይታ፣ ታምማ ለአንድ ወር ከሥራ ቀረች፤ ስትመለስ ከጁኒፐሩ የተረፈ ነገር አልነበረም። «የጠረጴዛ እግር የላስኩ ነው የመሰለኝ» ብላኛለች። ከዚያ አንድ ጠርሙስ አስቀርታ በእስክሪብቶ «ጣውላ» ብላ ጽፋበታለች፤ አዲስ ተለማማጅ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ታቀምሰዋለች። እኔም ጠይቄ ቀመስኩ፤ ስሙ አላግባብ አልወጣለትም።

የሥራ ዘመኗን ስታወራ ማዕረጎቿን ዘልላ ታልፋቸዋለች። የመጀመሪያው ትልቅ ቀን የምትለው፣ ዓመት ከመንፈቅ ብርጭቆ አጥባና በረዶ ሰብራ ከቆየች በኋላ፣ አለቃዋ መለኪያውን እጇ ላይ አስቀምጦ ስልክ ለማናገር የወጣበትንና ባንኮኒው ለብቻዋ የቀረበትን ሩብ ሰዓት ነው። ሁለተኛው የራሷን የመጠጥ ዝርዝር ያወጣችበት ጊዜ ሲሆን፣ ከዘጠኙ መጠጦች ስድስቱን የሚያዝዝ ጠፍቶ በሦስት ወር ውስጥ ራሷ ሰርዛቸዋለች። ሥራ አስኪያጅ እንድትሆን ስትጠየቅ በሳምንት ሦስት ምሽት ባንኮኒ ላይ ካልቆምኩ አልቀበልም ማለቷን የነገረኝ ደግሞ ባልደረባዋ ነው። በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል አሜሪካን ባር እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ዋና ባርቴንደር የነበረችውን ኤዳ ኮልማንን ደጋግማ ታነሣለች። ኮልማን ለተዋናዩ ቻርልስ ሆትሪ የፈጠረችው ሃንኪ ፓንኪ የተባለው ኮክቴል ጂንና ጣፋጭ ቬርሙት (በዕፅዋት የተቀመመ ወይን) በእኩል፣ ከጥቂት ፈርኔት ብራንካ (መራራ የጣሊያን የዕፅዋት መጠጥ) ጋር የሚቀላቀልበት ነው። የእኛዋ ባለሙያ በቆየው ጂን ስትሠራው፣ እንጨቱ ጣፋጭነት ስላመጣ ቬርሙቱን ትቀንሳለች። ማንኪያው ብርጭቆውን ሳይነካ፣ በረዶው ሳይንኳኳ ሠላሳ ጊዜ ያህል ታማስላለች፤ እኔ ቆጥሬያለሁ፣ ሥራ የፈታ እንግዳ ሌላ ምን ይሠራል?

ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። የመጠጥ ዝርዝሩ ይህን ሁሉ «ልዩ ጂን» በሚሉ ሁለት ቃላት ያልፈዋል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚያስተናግዱት ወጣቶችም ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ቢጫው ነው» ከማለት አያልፉም። እሷ ለአንድ እንግዳ ስታብራራ ሌላው ይጠብቃል፤ አንድ ምሽት እኔው ራሴ ሃያ ደቂቃ ጠብቄያለሁ። በሌላ ምሽት ያላዘዝኩት መጠጥ ሂሳቤ ላይ ተጨምሮ መጥቶ ነበር፤ ስናገር ግን ያለ ክርክር ተስተካክሎልኛል። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ገና ሲመሽ፣ ግርግሩ ሳይጀምር ሄዶ ባንኮኒው ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

በመጨረሻው ምሽት ከአሁኑ በርሜል በትንሽ ብርጭቆ ቀድታ ሃያ አራተኛ ቀኑ እንደሆነ ነገረችኝና «ይውጣ ወይስ ይቆይ ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሌላ ሳምንት ቢቆይ አልኩ። እንደገና ቀመሰች፣ «ጣውላ» የተጻፈበትን ጠርሙስ አንድ ጊዜ አየችው፣ ከዚያም ማጣሪያና ባዶ ጠርሙሶች እንዲያመጣላት ተለማማጁን ጠራች።