ቅዳሜ ማታ በሻይ ቤቷ፦ ቡናና ጌዲ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ሻይ ቤት ቅዳሜ ማታ የታሪክ ምሽት ጀምራለች። መግቢያው ከነቡናው 50 ብር ነው፤ አያጣላም።

ያለፈው ርዕስ ጌዲ ነበር፤ ኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ ጫካ የዋጠው የስዋሂሊ ከተማ። አርኪዮሎጂስቱ ጄምስ ኪርክማን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሲቆፍር በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶችና መስጊዶች፣ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ወጣ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከተማው ወና ሆነ። ለምን? አቅራቢው ወረራን፣ የፖርቱጋሎችን መምጣት፣ የጉድጓድ ውሃ መራቅን አነሳ። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ «ውሃው ነዋ ልጄ! ሰው ውሃ እያለው አገሩን ጥሎ ይሄዳል?» አሉ። ወሎዬን ይህን ማን ያስተምረዋል!

ፕሮጀክተሩ ደብዛዛ ነው፤ ግማሹን ፎቶ በግምት ነው ያየነው። ወንበሩም ይቆረቁራል። ቡናው ግን አንደኛ ነው። አቦሉ እንዳያመልጣችሁ ቀደም ብላችሁ ግቡ።