ዲያኒ ወይስ ዛንዚባር? ከሐዋሳ ልጆች ይዞ ለሚነሳ ቤተሰብ

ክረምት ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ልጆቹን ባሕር ልናሳያቸው አስበናል፤ ዛንዚባር ይሻላል ወይስ ሞምባሳ?» የሰፈር ሰው ይጠይቀኛል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቀኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ዲያኒ። ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የኬንያ ዳርቻ ማለቴ ነው። ምክንያቱ ግን በስልክ ተነግሮ አያልቅም። ስለዚህ ልጻፈው።

ከእንስሳቱ ልጀምር፤ ለእኔ ምርጫው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። የሐዋሳ ልጅ ጉሬዛ ለማየት ገንዘብ አይከፍልም። ሐይቁ ዳር ወጥቶ ቀና ቢል ዛፍ ላይ ያገኘዋል። አባ ኮዳውን አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ እያየ ነው ያደገው። ጉማሬም ቢሆን በጀልባ ወጥቶ አይቷል። ዛንዚባር ላይ ታዲያ ምን ይጨመርለታል? ጆዛኒ ጫካ ውስጥ ቀይ ጉሬዛ አለ፤ የደሴቶቹ ብቻ የሆነ ዝርያ ነው። «እስር ቤት ደሴት» በሚሏት ቦታ ደግሞ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ። ሁለቱም ያምራሉ። ዝሆን ግን የለም። አንበሳና ቀጭኔም የለም። እነሱን የፈለገ ወደ ታንዛኒያ የብስ ተሻግሮ ሚኩሚ ወይም ኔሬሬ ፓርክ መግባት አለበት። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በትንሽ አውሮፕላን ነው። ዋጋው ለአራት ሰው ሲባዛ የባሕሩን በጀት ይበላዋል።

ዲያኒ ላይ ያረፈ ሰው ግን ጻቮ ፓርክን በመኪና ይደርስበታል። ጻቮ ምሥራቅና ጻቮ ምዕራብ አንድ ላይ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ። ዝሆኖቹ ቀዩን አፈር በላያቸው ስለሚበትኑ መልካቸው ቀይ ነው። ልጆች ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ጻቮ ድረስ መሄድ የሚከብደው፣ በተለይ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ፣ ለዲያኒ ቅርብ የሆነው ሺምባ ሂልስ አለለት። እዚያም ዝሆን አለ። ኬንያ ውስጥ ሴብል የሚባለው ባለ ረጅም ቀንድ አንቴሎፕ በዱር የሚኖርበት ቦታም እሱ ነው። ሞምባሳ ከተማ አጠገብ ደግሞ ሃለር ፓርክ አለ። ድሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚያወጣበት ጉድጓድ ነበር፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛፍ ተተክሎበት አሁን ልጆች ለቀጭኔ በእጃቸው ይመግቡበታል።

ወደ ብሩ ልግባ። ስሌቱን ለሁለት ወላጅና ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 11 ለሆነ ሁለት ልጆች ልሥራው።

ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ ለሚገባ ሰው የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ አስገዳጅ አድርጋለች። ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ 22 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አያድናችሁም። ለአራታችሁ 132 ዶላር ማለት ነው፤ ገና አሸዋውን ሳትረግጡ። በዚያ ላይ የታንዛኒያ ቪዛ በየሰው ይከፈላል፣ ቀደም ብሎ አመልክቶ መጠበቅም አለበት። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ይህ ልዩነት ብቻውን ለብዙ ቤተሰብ የጻቮ ቀን መኪና ኪራይ ላይ ጥሩ ድጋፍ ነው። የቢጫ ወባ ካርድ ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ካርዱ ሕጋዊ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ትኬት ላይ ወደ ሞምባሳም ወደ ዛንዚባርም ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው፤ በናይሮቢ ገብቶ በሞምባሳ መውጣት። ይህን ስትቆርጡ እንደ አንድ ትኬት አስቆርጡት። ሁለት የተለያየ የአንድ መንገድ ትኬት ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ያለው ባቡር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። የሁለተኛ ማዕረጉ ዋጋ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከ1,000 ወደ 1,500 ሽልንግ ከፍ ብሏል። ልጆች በግማሽ ነው። ለአራታችሁ 4,500 ሽልንግ ይመጣል፤ ዶላሩ በ129 ሽልንግ ሲታሰብ 35 ዶላር ገደማ። አንደኛ ማዕረግ 4,500 ለአንድ ሰው ነው፤ ለልጆች ምንም አይጨምርም፣ ተዉት። ባቡሩ በጻቮ መሃል ስለሚያልፍ መስኮት ዳር የተቀመጠ ልጅ የመጀመሪያውን ዝሆን ከዚያው ሊያይ ይችላል። ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት የሚነሳው፣ በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ቮይ ላይ ያወርዳችኋል። ቮይ የጻቮ ምሥራቅ መግቢያ ናት። እዚያ አድራችሁ እንስሳቱን ጨርሱ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ውረዱ። ዲያኒ ደርሶ ለጻቮ ብቻ መኪና ተከራይቶ መልሶ ከመውጣት በጣም ይረክሳል።

በሞያሌ በመኪና እንሂድ የሚሉኝ አሉ። ከሐዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞያሌ ናይሮቢ ከዚያም ይበልጣል፤ ባሕሩ ደግሞ ገና ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግን ከልጅ ጋር አልመክርም። ቤንዚኑ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ ሲደመር የተረፈ የሚመስለው ገንዘብ አይተርፍም።

አሁን ስለ ፓኬጅ። አንድ የጎረቤት ቤተሰብ ከደላላ «ሁሉን ያካተተ፣ ባሕር ፊት ለፊት፣ ሳፋሪ ያለው» የተባለ የዛንዚባር ጥቅል ገዙ። ኢንሹራንሱ አልተካተተም። ቪዛውም አልተካተተም። ቤቱ ከባሕሩ ደህና መንገድ ነበረው። «ሳፋሪ» የተባለው ጆዛኒ ጫካ ሆኖ ተገኘ፤ ልጆቹ አንበሳ ሲጠብቁ ጉሬዛ አይተው ተመለሱ። ያረፉት በምሥራቁ ዳርቻ ስለነበር ውኃው ሲሸሽ ከዓይን ይርቃል። ልጆቹ ዋና ልብሳቸውን ለብሰው አሸዋ ላይ ቆመው ዋሉ። ስለዚህ ደላላውን የሚያካትተውን ሳይሆን የማያካትተውን ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። የማይጽፍላችሁ ከሆነ ቀብድ አትስጡት።

የውኃው መሸሽ ዲያኒም ላይ አለ። ሐይቅ ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ዲያኒ ላይ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ግንብ ስላለ ማዕበሉ እዚያ ይሰበራል። ከግንቡ ወዲህ ያለው ውኃ ለልጅ የሚመች ነው። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ኩሬ ኩሬ ይቀራል፤ ትናንሽ ዓሣና የባሕር ኮከብ ይታይበታል። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ሰሞን ሽሽቱ ይበረታል፣ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ይለዝባል። ለዛንዚባርም እውነቱን ልናገር፤ ሰሜኑ ጫፍ ላይ ኑንግዊና ኬንድዋ ቀኑን ሙሉ ይዋኝባቸዋል። በዋና ብቻ ከሆነ ኬንድዋ ከዲያኒ ትበልጣለች። ዋጋዋም እንዲሁ።

ኩሬዎቹ ውስጥ ጥቁር እሾሃም ፍጡር አለ፤ የባሕር ጃርት ይሉታል። የረገጠ ልጅ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። የውኃ ጫማ የግድ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የገበያውን ቅጂ ተጠንቀቁ። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው በጨው ውኃ ይላቀቃል። ልጄ እግር ላይ ተላቅቆ አይቼዋለሁ። ዙሪያውን የተሰፋውን ግዙ። የዋና መነፅርም እንዲሁ ነው። «ሲሊኮን» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊት ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ። ከተጣበቀ ጥሩ ነው፣ ከወደቀ ውኃ ያስገባል። የስልክ ውኃ መከላከያ ከረጢት ውስጥ ሶፍት ከታችሁ ባልዲ ውስጥ አሳድሩት። የፀሐይ ክሬም ከጎዳና አትግዙ፤ ከፋርማሲ፣ ማሸጊያውንና ቀኑን አይታችሁ። ዶልፊን ለማየት ወደ ዋሲኒ ደሴት ጀልባ ስትይዙ ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ። የአዋቂው ልጁን በሥሩ ያሾልከዋል።

ዲያኒ ላይ ለቤተሰብ ሆቴል ሳይሆን ወጥ ቤት ያለው ቤት ነው የሚያዋጣው። ፎቶ ግን አትመኑ። በቪዲዮ ደውላችሁ ቧንቧውን ያስከፍቱላችሁ። ብዙ ቤት የጉድጓድ ውኃ ስለሚጠቀም ጨው ጨው ይላል፤ ለመታጠብ ይሆናል፣ ለሻይ አይሆንም። ፓምፑ ሲበላሽ የሚያሠራው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መብራቱ በቅድሚያ ክፍያ ነው፤ አንዳንድ አከራይ ኤሲውን ለእንግዳው ያስከፍላል። «ቶክን (ቀድሞ የሚገዛው የመብራት ሒሳብ) በማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳትጠይቁ ዋጋ አትስማሙ። ከቤት ወደ ገበያ በባጃጅ ነው፣ ልክ እንደ ሐዋሳ፤ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሞምባሳና የዲያኒ መንገድ መካከል ያለው የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነፃ ነው።

የጻቮ መኪና ላይ ግን ከሁሉም በላይ ጠንቃቃ ሁኑ። እኛን የወሰደን ሚኒባስ ፓርኩ መሃል ራዲያተሩ ፈላ። ቱቦው በሽቦ ታስሮ ነበር። ከመኪና መውረድ አይፈቀድም፣ ኔትወርክ ደከም ያለ ነው፣ ልጆቹ በሙቀት ተንገበገቡ። ከዚያ ወዲህ ኮፈኑን ሳላስከፍት አልከፍልም። ጣሪያው የሚነሳ መሆኑን፣ ትርፍ ጎማ መኖሩን፣ ለየአንዳንዱ ሰው መስኮት መኖሩን እዩ። ዋጋውን በሰው ሳይሆን በመኪና ተነጋገሩ፤ ነዳጅና የፓርክ መግቢያ ውስጡ መሆን አለመሆኑን ይለዩላችሁ። ፓርኩ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ላስቲክ ፌስታልና የሚጣል የውኃ ፕላስቲክም ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ለልጆቹ ኮዳ ያዙ።

ወቅቱ ይረዳናል። ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ባሕሩ ዳር ከባድ ዝናብ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ግን እዚያ ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ጻቮም ደርቆ እንስሳቱ ወደ ውኃ ይሰበሰባሉ። የአውሮፓ እንግዳ በነሐሴ ስለሚበዛ የቤት ዋጋ ይወጣል፤ ሐምሌ ይሻላችኋል። ፍልሰታ ላይ ለሚውልባችሁም አትሥጉ። ቦሎቄና ርግብ አተር በኮኮናት ወተት ሠርተው በየሰፈሩ ይሸጣሉ፤ ቻፓቲ በዘይት ነው። ሥጋ የሚበላ ሙስሊም ቤተሰብ ሐላል ለማግኘት አይቸገርም።

ባለ ትዳር ብቻቸውን፣ ያለ ልጅ፣ አሮጌ ከተማና ጥሩ ዋና ፈልገው ከሆነ ዛንዚባር ይሂዱ፤ ስቶን ታውን በእውነት ያምራል። ልጅ ያለው ግን ዲያኒ። በጀቱ ለዲያኒና ለጻቮ ካልበቃ ደግሞ ተበድሮ በግማሽ ከመሄድ ዘንድሮ አርባ ምንጭ ይውሰዳቸው፤ አዞውና የነጭ ሣር የሜዳ አህያ እዚያው አለ። ባሕሩ ለሚቀጥለው ክረምት ይቆይ።