የጀማሪ ፌልት ኪት ከስምንት ወር በኋላ፦ የጎደለው የውስጥ ሱፍ

«ሁሉም ነገር ተሟልቷል፣ ሌላ ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም» ይላል ሻጩ። አልተሟላም! ስምንት ወር ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላም ንዴቴ ያልበረደው በዚችው ቃል ነው። ከሳጥኑ የጎደለው ሥራው ራሱ የሚቆምበት ነገር፣ የቅርጹን ሆድ የሚሞላው የውስጥ ሱፍ ነውና።

ለማያውቀው፣ የፌልት ሥራ እንዲህ ነው፦ የበግ ጸጉር ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ በልዩ መርፌ ደጋግሞ ይወጋል። የመርፌው አካል ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጠርዞቹ ላይ ወደ ጫፉ ያዘነበሉ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። ሲገባ ጸጉሩን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ እዚያው ጥሎት ይወጣል። ጸጉር ከጸጉር እየተቆላለፈ ይጠብቃል፤ ያለ ክርና ያለ ሙጫ ወፍ ወይም ግልገል ይወጣዋል።

ኪቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀለም ሱፍ፣ ሦስት መርፌ፣ ስፖንጅና ሁለት የጣት መከላከያ ቆዳ አለ። ሱፉ በሙሉ የተበጠረ ሜሪኖ ነው፤ ሜሪኖ ለስላሳ ሱፍ የሚሰጥ የበግ ዝርያ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። የተበጠረ ሱፍ አጭር አጭሩ ጸጉር ወጥቶለት ረጅሙ ብቻ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ነው። መርፌው ሲገፋው ይንሸራተታል እንጂ ቶሎ አይያያዝም። ጀማሪ 5 ሳንቲ ሜትር የምታህል ኳስ ልሥራ ብሎ ሲነሳ ላዩ ይጠነክርና ውስጡ እንደ ትራስ ይቀራል። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ፊቱም ይጨማደዳል። ሰውየው ጥፋቱ የእጁ ይመስለውና ሥራውን ይተወዋል። የሚያሳዝነኝም ይኼ ነው፤ ጥፋቱ የሱፉ ነው።

«ሜሪኖ እኮ ምርጡ ሱፍ ነው!» ይሉኛል። ለሹራብ አዎ፣ ለአንገት ልብስም አዎ። የወፍ ሆድ የሚፈልገው ግን አጭር፣ ሸካራ፣ ጸጉሩ በየአቅጣጫው የተመሰቃቀለ፣ እንደ ባዘቶ የተባዘተ ሱፍ ነው። ሻጩ ይህን ካወቀ መናገር ነበረበት፤ ካላወቀ ደግሞ «ለጀማሪ» ብሎ ባይጽፍበት ጥሩ ነበር።

መፍትሔው አገር ቤት አለ። በርኖስና ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ ሱፍ ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ሸካራ ስለሆነ መርፌው ቶሎ ይይዘዋል፤ በሜሪኖ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሆድ በዚህ ሱፍ በአንድ ቁጭታ ይጠነክራል። ዝግጅቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሱፉ በመጀመሪያ ከገለባና ከአቧራ ይራገፋል። ከዚያ 60 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ለ20 ደቂቃ ይነከራል። እዚህ ላይ ማሸትና መጭመቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀት፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙ ሱፉ እዚያው ሳፋ ውስጥ ተጣብቆ ቁርጥራጭ ምንጣፍ ይሆናል። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ማውጣትም ግድ ነው፣ አለበለዚያ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ ይጣበቅበታል። ማለቅለቂያውም ያው ሙቀት ያለው ውሃ ይሁን። ጥላ ላይ ከደረቀ በኋላ በሁለት የውሻ ጸጉር ማበጠሪያ ብሩሽ ፊት ለፊት እያሻሹ ማባዘት ነው።

የመንዝ ሱፍ አንድ ጠባይ አለው፤ ከለስላሳው የውስጥ ጸጉር ጋር ረጅምና ጠንካራ ጸጉር ተቀላቅሎ ይመጣል። ያ ጸጉር ካልተለየ ከተጠናቀቀው ወፍ ላይ እንደ እሾህ ይወጣል። ከመባዘቱ በፊት ቆንጠር አድርጎ ይዞ ረጅም ረጅሙን ጫፍ መሳብ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ሱፉን ከመጀመሪያው አጥብቆ መጠቅለል ነው። ላላ ተደርጎ የተጠቀለለ ሱፍ በመርፌ ብዛት አይስተካከልም። መርፌውን በረጅሙ እስከ መሃል መውጋት፣ እያዟዟሩ መውጋት፤ ውስጡ ሳይጠነክር ላዩን አለመነካካት። ሥራው መድረሱን ጆሮም ይነግራል፤ መጀመሪያ ላይ መርፌው ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሱፉ ሲጠብቅ ግን በያንዳንዱ ውጊያ ጭርጭር የምትል ደረቅ ድምፅ ትመጣለች፣ እጅም ግፊቱ ይሰማዋል።

መርፌዎቹ ደህና ናቸው፤ ግን ቁጥር የላቸውም። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፦ 36 ለሻካራው ቅርጽ፣ 38 ለአብዛኛው ሥራ፣ 40 ለማለስለሻ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ መሸጥ ሌላው ጉድለት ነው። ቶሎ ይሰበራሉ የሚለው ቅሬታ ግን ለእኔ አይዋጥም። ይህ መርፌ መጀመሪያ የተሠራው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ለሚወርድ የፋብሪካ ማሽን ነው፤ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ መጣመም አይችልም። በገባበት አቅጣጫ ካልወጣ፣ ወይም ሱፉን በመርፌው ለማገላበጥ ከተሞከረ ጫፉ ቀጭ ይላል። የተሰበረው ጫፍ ውስጥ ከቀረ በማግኔት ሳይፈለግ ሥራው አይቀጥል፤ በተለይ ለሕፃን መጫወቻ የሚሆን ከሆነ።

ስፖንጁ መሃሉ ተቦርቡሮ ፍርፋሪው ሱፉ ላይ መጣበቅ ጀምሯል። ከጆንያ ቁራጭ በተሰፋ ከረጢት ሩዝ ጠቅጥቆ መተካት ይቻላል።

ዛሬ ቢሆን ይህን ኪት አልገዛውም፤ መርፌውን በየቁጥሩ፣ የውስጡን ሱፍ ለብቻ እገዛ ነበር። ቀለማቱን ግን አልነቅፍም። ላዩን ብቻ ለማልበስ ስስ ሽፋን ስለሚበቃ ከስምንት ወር በኋላም ከግማሽ በላይ አለ። ሽፋኑን ቆራርጦ በስሱ እያነባበሩ በቁጥር 40 ላይ ላዩን መውጋት ነው። ነጭ ወፍ ከሆነች ውስጧም ከነጭ በግ ይሁን፤ ጥቁሩ የመንዝ ጸጉር በሽፋኑ ሥር አይደበቅም፣ በጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል።