ለትከሻ ሕመም የቱ ይሻላል፦ ኳስ፣ የማሳጅ ማሽን ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የሚውል ልብስ ሰፊ ትከሻውን ሲያመው የሚያሸው ከፊት በኩል ነው፤ ሕመሙ የሚሰማው እዚያ ነውና። ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት በሸፈነው ጡንቻ ውስጥ የተቋጠረችውን ነጥብ ሲጫኗት ሕመሙ ወደ ፊትና ወደ ክንድ ይዘልቃል። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ሕመምን ወዴት እንደሚልኩ በሰፊው ያጠኑት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጃኔት ትራቬል ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ያለ ሰው እርዳታ እዚያች ነጥብ ላይ ይደርሳል?

የቴኒስ ኳስ ይደርሳል። ረጅም ካልሲ ውስጥ ይክተቱት፤ የካልሲውን ጫፍ በትከሻዎ ላይ አሳልፈው በደህናው እጅዎ ይያዙና ግድግዳ ይደገፉ። ኳሱ ሳይወድቅ ጉልበትዎን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ነጥቧን ይፈልጓታል። ሲያገኟት የለመዱት ሕመም ራሱ ይነሳል። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይጫኑ፤ ትንፋሽ የሚያስይዝ ከሆነ በዝቷልና ከግድግዳው ራቅ ይበሉ። አከርካሪ ላይ ፈጽሞ አይጫኑ። ጠንካራ የጎማ ኳስ ጠልቆ ይገባል፣ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

በባትሪ የሚሠራው የማሳጅ ማሽን ዋጋው ከኳስ ጋር አይወዳደርም። ለጭን ጥሩ ነው። ከትከሻ ኋላ ግን በራስ እጅ ይዞ በትክክል ማሳረፍ ያስቸግራል፤ ሰው ያስፈልጋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙበት። ራስን በራስ ለማሸት የሚሸጠው ጠማማ የፕላስቲክ መንጠቆ ደግሞ በአንገትና በትከሻ መካከል ላለው ጡንቻ ይመቻል፣ ግን ያንን በጣት ቆንጥጦ መያዝም ይቻላል።

መጫን የሚያስታግሰው ለአጭር ጊዜ ነው። በሁለት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ለማሽኑ ያሰቡትን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ያውሉት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን ራሱ ያሠለጥናል። በተለይ የስኳር ሕመም ካለብዎና ክንድዎ ሌላ ሰው ሲያነሳውም እንቢ ካለ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ኳስ አይፈታውም።

ወጌሻን የማከብር ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ወድቀው የተጎዱትን ትከሻ ከማስጎተትዎ በፊት ራጅ ይነሱ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ኳሱን ትተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።