ኮፈኖዬን ከቀለም ቤት ያተረፈልኝ የቆጪው ልጅ

ጅማ ውስጥ መኪና ላላችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። ምስጋናም ጥቆማም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። መኪናዬ ጥቁር ያሪስ ናት። ቦሳ ካለው ቤቴ ጎን የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ግራይንደሩን ሲያስነሳው የሚበተነው የብረት ብናኝ አጥር አያግደውም። ትኩስ እንደሆነ መጥቶ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። የጅማን ዝናብ ደግሞ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ በወልቂጤና በሰኮሩ በመጣሁ ቁጥር ከጎማ የሚፈናጠር ሬንጅ የበሮቹን ታች ይነቁጠዋል።

ታጥባ፣ ደርቃ፣ አብረቅርቃ እንኳ በእጄ ስዳብሳት ደረቅ ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች። የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ከአዲስ አበባ አንድ ድፍን ክሌይ አመጣልኝ። ለማታውቁት፣ ሲያዩት የልጆች መጫወቻ ጭቃ ይመስላል። ሰው ሠራሽ ሊጥ ነው፣ ውስጡ በጣም ደቃቅ የሚፍቅ ነገር አለው። ቀለሙን በሚያዳልጥ ፈሳሽ አርሶ ክሌዩን ቀስ አድርጎ ሲያንሸራትቱት፣ በማጠብ ያልለቀቀውን የብረት ብናኝና ሬንጅ እየነቀለ ይይዘዋል። ጥሩ ነገር ነው። በሚያውቅ እጅ።

እኔ ምን አደረግኩ? እሁድ ጠዋት የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በሳሁና ውሃ ሞላሁበት። ውሃ ብቻ። ሻምፑ የለ፣ ምን የለ። ክሌዩ ሲያዝብኝ ውሃ መጨመር ሲገባኝ ጉልበት ጨመርኩ። መሃል ላይ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። አንስቼ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩትና አሽቼው ቀጠልኩ። ሊጥ አይደል? አሸዋው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው ራሴን እታዘባለሁ።

ወደ አምስት ሰዓት ፀሐይ ወጣች። ኮፈኖው በትንፋሽ የደበዘዘ መስታወት መስሏል። ጠጋ ብዬ ሳይ የእጄ መሄጃ አንድ በአንድ ተጽፏል፣ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። እጅ ሲነካው ግን እንደ ሐር ነው። ልስላሴውን በውበቷ ገዛሁት።

በማግስቱ አንድ ቦታ ወሰድኳት። ስም አልጠራም። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ይሄማ ቀለም ነው የሚፈልገው፣ ኮፈኖውን ሙሉ እንቀባዋለን» አለኝ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ነው «ቆጪ አንድ ልጅ አለ፣ ሳታሳየው እንዳትቀባ» ያለኝ። እሱንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

ልጁ ከአንድ ላቫጆ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። ሃያዎቹ አጋማሽ ቢሆነው ነው። ያጠፋሁትን ሲያይ አልሳቀም፣ አልተሳለቀም። ይህ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል።

«ውሃ ብቻ ነው የተጠቀሙት ጋሼ?»

«አዎ።»

«ክሌዩ ወድቆብዎታል?»

«የለም።»

የስልኩን መብራት አበራና ኮፈኖው ላይ አጋደለው። ከደቃቆቹ ጭረቶች መሃል ወፈር ያለች አንዲት መስመር በጣቱ አሳየኝ። «ይቺ ግን የአሸዋ ሥራ ናት» አለኝ፣ በትሕትና። አመንኩ።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን በዝርዝር የምነግራችሁ ምክንያት አለኝ። አብዛኛው ሰው መኪና ሲሰጠው ወዲያው ማሽን ነው የሚያነሳው። እሱ መጀመሪያ አጠባት፣ በሁለት ባልዲ። አንዱ የሻምፑ ውሃ፣ ሌላው ጓንቱን ማለቅለቂያ፣ ያነሳው ጭቃ ተመልሶ ቀለሙ ላይ እንዳይሄድ። ከዚያ እጁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ጠቅላላውን ዳበሳት። በባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራ በፌስታል ይሰማል። ሞክሩት፣ ትገረማላችሁ። የግራው በር ላይ ጭረት የመሰለኝ ግራጫ ነገር ጭረት አልነበረም። ያለ ማለስለሻ ስለፈተግኩት የተለጠፈ የክሌዩ ቅሪት ነው። በሻምፑ ውሃና በለስላሳ ፎጣ ጠራ። ለዚያ በር እንቅልፍ አጥቼበት ነበር እኮ።

ቀጥሎ የቀለም ውፍረት መለኪያ አወጣ። እንደ ትንሽ ሪሞት ያለች ነገር ናት። ማይክሮን የሚባለው አንድ ሚሊ ሜትር ለ1000 ሲካፈል ነው። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ድርቡ ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከላይ ያለውና የሚያብረቀርቀው ክሊር ደግሞ ከዚያ ውስጥ 40 ወይም 50 ገደማ። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል 100 ገደማ ነው። እንግዲህ የወረቀት ግማሽ ነው የምንፈትገው። ፖሊሽ ማለት ደግሞ ጭረቱን መሙላት አይደለም፣ ጭረቱ ያለበትን ፊት ጥቂት አንስቶ ከዙሪያው ጋር ማስተካከል ነው። የተነሳው አይመለስም።

ኮፈኖው 110 አካባቢ አነበበ። የቀኙ ፓራፋንጎ 260፣ በኋላ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ስገዛት «አንድ ቦታ አልተነካችም» ነበር የተባልኩት። ይሁን፣ እሱ ሌላ ጽሁፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኮፈኖው መሃል ላይ በወረቀት ፕላስተር የሁለት መዳፍ ስፋት ያላት አራት ማዕዘን ከለለ። «ከትንሹ እንጀምር ጋሼ፣ ካልበቃ እንጨምራለን» አለ። ያሉትን ነገሮች ደርድሯል፦ ሻካራ ኮምፓውንድ (ቀለም የሚፍቅ ቅባት)፣ መካከለኛ፣ የማጨረሻ ፖሊሽ፣ የበግ ፀጉር ፓድ፣ ጠንካራ ፎም፣ ለስላሳ ፎም። ያነሳው ለስላሳውን ፎምና የማጨረሻውን ፖሊሽ ነው። አራት የምስር ፍሬ የምታክል ጠብታ ብቻ። ማሽኑም ባንድ ቦታ እየተሽከረከረ ቀለም የሚያግለው ዓይነት አይደለም፣ እየዞረ የሚወዛወዘው ነው። ያ ባንድ ቦታ የሚሽከረከረው ባልሠለጠነ እጅ ጠርዝ ላይ ክሊሩን በልቶ ያሳያል። በወዛወዡም ቢሆን የኮፈኖውን ጠርዞች ቀድሞ በፕላስተር ሸፍኗቸዋል። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው።

ሠርቶ ሲጨርስ ጠርጎ አላበቃም። በውሃ የተቀጠነ አልኮል ረጭቶ እንደገና ጠረገው። ለምን አልኩት። ፖሊሽ ውስጥ ዘይት አለ፣ ጭረቱን ለጊዜው ይደብቀዋል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ተመልሶ ይመጣል አለኝ። አልኮሉ ዘይቱን ያነሳና የቀለሙን እውነተኛ ፊት ያሳያል። ፕላስተሩን ላጠው። ከመስመሩ ወዲያ ጉም፣ ከመስመሩ ወዲህ የቆርቆሮው ጣሪያ ከነሚስማሩ ይታያል። እውነት ለመናገር «ኧረ በለው!» ብዬ ጮህኩ። ላቫጆ የነበሩት ልጆች ዞረው አዩኝ።

ሙሉ ቀለም ይቀባ የተባለለት ኮፈኖ ከሁሉ ለስላሳው ነገር ነበር የበቃው።

የቀረው ትዕግሥት ነው። ክፍል በክፍል ሄደበት። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በእጅ ጨርሰው ስለው «በእጅ ይሆናል፣ ግን አንድ ወጥ አይመጣልኝም፣ እንጠብቅ» አለ። ጠበቅን፣ ቡና አስመጣሁ። መብራቱ ተመልሶ ሊጨርስ ሲል ሦስት መስመሮች ቀሩ፣ የአሸዋዎቹ። «ጥፍርዎን ያሳልፉበት» አለኝ። አሳለፍኩ፣ ያዘኝ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነው። እሱን ለማጥፋት ብዙ ክሊር መብላት አለበት፣ ከዚያ ፀሐይ ቶሎ ይጎዳዋል። «እነዚህን ባልነካቸው ነው የምመርጠው፣ ካዘዙኝ ግን እሞክራለሁ» አለ። አላዘዝኩም። ዛሬም አሉ። የማያውቅ ሰው አያያቸውም፣ እኔ ግን በየቀኑ አያቸዋለሁ።

በመጨረሻ ሰም ቀባት። ክሌይ የነበረውንም ሰም ይዞት ይሄዳል፣ ስለዚህ ከክሌይ በኋላ ባዶዋን መተው አይገባም። ይህንንም እኔ አላውቅም ነበር።

ሁሉም ነገር ማር ነው አልልም። ልጁ ዝግተኛ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሰጥቼው አሥራ አንድ ሰዓት ነው የተረከብኩት። ማሽን ይዞ ስልክ አያነሳም፣ አንዳንዴ ሳይዝም አያነሳም። ወረፋም አለው። ለነገ ሰርግ ዛሬ ማታ የምትፈልጓት ከሆነ አትድከሙ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ እንደ መኪናው ስፋትና እንደ ጉዳቱ ይለያያል። አይቶ ነው የሚናገረው፣ የተናገረውን ደግሞ በኋላ አልጨመረብኝም። ስሙንና ስልኩን አታውጣብኝ ስላለኝ አላወጣሁም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት «እንዲያበራ» ብላችሁ በናፍጣ አታስወልውሏት፣ መጀመሪያ የሚያሸተው እሱን ነው። ክሌዩ ወድቆባችሁ ከሆነም አትዋሹት።

ስንለያይ የቀረውን ክሌይ አምጡ አለኝ። ከመኪናው ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት። ብርሃን ላይ ይዞ ገለጠው፣ አሸዋ የነካውን ግማሽ ቆርሶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ንጹሑን አድቦልቡሎ በትንሽ ብልቃጥ የሻምፑ ውሃ ጨምሮ መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ለመስታወቱ ብቻ» አለኝ።

እስካሁን የፊት መስታወቱን ብቻ ነው የነካሁት።